«ሲስተም የለም» ሲባል ምኑ ነው የሌለው?

ቀበና ድልድዩ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋው በሩን አልፎ ደረጃው ጋ ደርሷል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና አለችና ሁላችንም በቃላችን የምናውቃትን ነገር ተናገረች፦ «ሲስተም የለም፤ ትንሽ ጠብቁ።»

ፊት ለፊቴ የቆሙት አባት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግራቸው ነው የወረዱት። «ልጄ፣ ትናንትም እንዲሁ ብላችሁኝ ነው የተመለስኩት» አሏት። ልጅቷ ምን ትበል? «አባቴ፣ ከእኛ እኮ አይደለም፣ ከዋናው ነው» አለቻቸው። ከ25 ደቂቃ በኋላ ሲስተሙ መጣ። አራት ሰው እንደተስተናገደ ሄደ። እንደገና መጣ፣ እንደገና ሄደ። አባትየው ተራቸው ሳይደርስ ሰዓቱ ለምሳ ሆነ።

ይኼ ጽሑፍ ስለዚያ መጥቶ ስለሚሄደው ነገር ነው። «ዋናው» የሚባለው ማነው? የት ነው ያለው? ብልሽቱ ሁልጊዜ እሱ ጋ ነው እንዴ? ደግሞስ ለምንድነው ማንም መልስ የማይሰጠን?

ሙሉ በሙሉ የጠፋ ይሻላል

ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ጭራሽ የሞተ መስመር ቀላል ነው። ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይጮኻል፣ ባለሙያው ይመጣል፣ የተቆረጠውን ፈልጎ ይቀጥላል። አስቸጋሪው ሄድ መለስ የሚለው ነው። መካኒክ ጋ ሲደርስ ድምፁ የሚጠፋ መኪና ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደሱ ማለት ነው። ባለሙያው ሲመጣ ይሠራል። «ምንም የለውም እኮ» ብሎ ይሄዳል። ደረጃውን ሳይወርድ ይቋረጣል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ባለቤት አያገኝም። ቢሮው ቴሌን ይወቅሳል፣ ቴሌ የቢሮውን የውስጥ መስመር ይወቅሳል፣ ሁለቱም መብራት ኃይልን ይወቅሳሉ። መሀል ላይ የሚቆመው ባለጉዳዩ ነው።

ሁለት ቀን ከአንድ ሰርቨር ጋር

ጋዜጠኝነት ከመጀመሬ በፊት ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ዲግሪ የለኝም፣ የተማርኩት እዚያው እጄን እያቆሸሽኩ ነው። አንድ ቀን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ጠራን። ሰርቨራቸው ሕንፃው ውስጥ ነው ያለው፣ መስኮት ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር ይቆራረጣሉ። ለወራት «ከቴሌ ነው» ሲባል ቆይቷል።

አለቃዬ ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። መስኮት ላይ ካለ አንድ ኮምፒውተር ወደ ሦስት ቦታ «ፒንግ» ማድረግ ጀመረ። ፒንግ ማለት «አለህ?» ብሎ በየሰከንዱ መጣራት ነው፣ ያኛው ወገን «አለሁ» ይላል። አንደኛው ጥሪ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወዳለው ሰርቨር፣ ሁለተኛው የሕንፃው መውጫ ላይ ወዳለው ራውተር፣ ሦስተኛው ከሕንፃው ውጪ ወዳለ አድራሻ። ሰዓቱ እየተመዘገበ ቀኑን ሙሉ እንዲሄድ ተወው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሦስተኛው ብቻ መልስ ካቆመ ችግሩ ከሕንፃው ውጪ ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ካቆሙ ግን ችግሩ አፍንጫችን ሥር ነው ማለት ነው።

እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሦስቱም ጊዜ ሁሉም ጥሪ በአንድ ሰከንድ ነው የቆመው፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆይቶ ሁሉም አብሮ ተመለሰ። ቴሌ የለበትም! ኮሪደሩ ላይ ወጣን። ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ስዊች ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል፣ የተሰካው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ነው። ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው፣ መስኮት ላይ ያሉት ኮምፒውተሮችም አላቸው። ስዊቹን ግን ያስታወሰው የለም። መብራት ለአንዲት ሰከንድ ብልጭ ሲል ስዊቹ ጠፍቶ ይነሳል። እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በዚያ መሀል ፕሮግራሙ ሠራተኞቹን አስወጥቷቸዋል። ተመልሰው ይገባሉ፣ ግማሽ የተሞላው ፎርም ጠፍቷል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የአንድ ሰከንድ መብራት የሩብ ሰዓት ወረፋ ሆነ ማለት ነው።

ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ ተሰካ። አጨበጨብን፣ ሄድን። በማግስቱ ስልክ ተደወለ፦ «አሁንም ይቋረጣል!»

አሁን ግን መልኩ ሌላ ነበር። አንዱ መስኮት ይሠራል፣ ጎኑ ያለው አይሠራም። ወደ ራውተሩና ወደ ውጪ የሚደረገው ጥሪ ደህና ነው፣ የሚጠፋው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ፈጅቶብን ደረስንበት። በቅርቡ አንድ ፕሪንተር ገብቷል፣ ያስገባው ሰው በእጁ የሰጠው አይፒ አድራሻ ደግሞ የሰርቨሩ አድራሻ ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ቢሰጣቸው አስቡት። ፖስተኛው አንዳንዴ እዚህ አንዳንዴ እዚያ ያንኳኳል። ፕሪንተሩ ሲጠፋ ሁሉም ሰላም ነው፣ ሲበራ ግማሹ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ሲፈልግ ፕሪንተሩ ጋ ይሄዳል። የፕሪንተሩ አድራሻ ተቀየረና ነገሩ በቃ አለቀ።

ከዚህ የያዝኳቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

- አንድ የሚመስል ብልሽት ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱን ስታስወግዱ ሌላው ይቀራል፣ ሰው ግን «ምንም አልተሠራም» ይላል።
- በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነካው። ኬብሉንም ስዊቹንም ራውተሩንም አብራችሁ ከቀየራችሁ ምኑ እንዳዳነው አታውቁም፣ ነገ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።
- ሰዓቱ ካልተጻፈ ምርመራ የለም። «ብዙ ጊዜ ይቋረጣል» መረጃ አይደለም። «ከ4:10 እስከ 4:12፣ መብራት ብልጭ ሲል» ግን መረጃ ነው።

ይህቺ ሦስተኛዋ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ናት፣ እንመለስባታለን።

ከቀበና እስከ «ዋናው»

የባንክ ቅርንጫፍም በሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ መስኮቱ ላይ የሚጫነው እያንዳንዱ ቁልፍ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከኮምፒውተሩ በኬብል ወደ ስዊች፣ ከስዊች ወደ ራውተር፣ ከራውተር በመሬት ውስጥ ፋይበር ወይም በአየር ወደ ቴሌኮም ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ተቋሙ የመረጃ ማዕከል፣ እዚያ ደግሞ ወደ ሰርቨሩና ወደ ዳታቤዙ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ ካነከሰ ልጅቷ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ይሽከረከራል። ስለዚህ «ሲስተም የለም» ትላለች። አልዋሸችም። ግን ምንም አልነገረችንም።

እንደ ቀበና ያለ ሰፈር ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። መሬቱ ከእንጦጦ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። የሞባይል ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ገደል ውስጥ ያለ ቤት ማማውን ካላየ ሲግናሉ ይሳሳል። አስፋልቱ ዳር አራት መስመር ያለው ስልክ ወንዙ ጋ ስትወርዱ አንድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ማማ ከማማ የሚያገናኙት የማይክሮዌቭ መስመሮች በከባድ ዝናብ ይዳከማሉ። ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳሉ። መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ሲባል ከዚህ በላይ ምሳሌ የለም።

ከዚያ ቁፋሮ አለ። በ2016 የተጀመረው የመጀመሪያው ዙር የኮሪደር ልማት ከነካቸው መንገዶች አንዱ ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወጣው ነው። ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ወደ መሬት ውስጥ ማስገባት ለነገ ጥሩ ነው፣ ነፋስም መኪናም አይበጥሰውም። ሲቆፈር ግን ያለውም መስመር ይነካል። ፋይበር የሚቆረጠው ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ከልክ በላይ የታጠፈ፣ መጋጠሚያ ሳጥኑ ውስጥ ውኃ የገባበት ፋይበር ሳይቆረጥ ብርሃኑን እያሳሳ ይኖራል። ፀሐይ ሲሆን ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ያነክሳል። ባለሙያው ደግሞ የሚመጣው ፀሐይ ሲሆን ነው።

ከአገር ውጪ የሚሆነውም አለ። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔት የምታመጣው በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በተለይ በጅቡቲና በኬንያ አድርጋ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 14 ቀን 2024 ምዕራብ አፍሪካ ላይ አራት የባሕር ኬብሎች ተጎዱ፣ ግንቦት 12 ደግሞ ምሥራቁ ላይ ሁለት ተቆርጠው የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተንቀረፈፈ። ልብ በሉ ግን፦ የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር ጋር ለመነጋገር ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ዩቲዩብ ስለተንቀረፈፈ ብቻ የወረዳ መስኮት «ኢንተርኔቱ እኮ ዛሬ...» ቢላችሁ «የእናንተ ሰርቨር የት ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለምን አሁን ያሳስባል?

ድሮም ሲስተም ይጠፋ ነበር፣ ግን ጥሬ ገንዘብና ወረቀት ነበረን። አሁን ድልድዩን እያፈረስን ነው የምንሻገረው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው፣ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ ሂሳብ ጀምሮ የብዙ አገልግሎት ቁልፍ እየሆነ ነው።

ይኼን አልቃወምም። እኔም የማልከፍልበት ቀን የለም። ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ሌላው መንገድ በተዘጋ ቁጥር የአንዲት ደቂቃ መቋረጥ ዋጋ ይጨምራል። ማደያ ላይ ክፍያው ሲያልፍ የሚሽከረከርበት የሚኒባስ ሹፌር የሚያጣው ቢያጆውን ነው። የቀን ሠራተኛ ለአንድ ፊርማ ሁለት ቀን ከተመላለሰ የሁለት ቀን ምግቡን አጥቷል። ቢሮው ግን በመዝገቡ ላይ ምንም አላጣም፣ ምክንያቱም ማንም አልመዘገበም።

መጋቢት 7 ቀን 2016

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ቀን ነው። ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረ። ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ላይ እንደ ሰደድ እሳት ሮጠ፣ ኤቲኤም ጋ ሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ቅርንጫፉንም ኤቲኤሙንም ሞባይሉንም ለሰዓታት ዘጋ። ኋላ ላይ ያለአግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ፣ አብዛኛውም ተመልሷል ተባለ። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ብሏል።

ከኔትወርክ መቆራረጥ ጋር ምን አገናኘው? የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። ጭራሽ የጠፋ ሲስተም «አልችልም» ይላል፣ ገንዘባችሁ አይነካም። ግማሹ የሚሠራ ሲስተም ግን ሳያጣራ «እሺ» ይላል። ስልካችሁ ላይ ብሩ ተቀንሶ ተቀባዩ ጋ ያልደረሰበት ቀን ይኼው ነው፦ ትእዛዙ ሄዷል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። ደንግጣችሁ ደግማችሁ ትልካላችሁ። ከዚያ ሁለቱም ይደርሳል።

የንግድ ባንኩ ጉዳይ አንድ ጥሩ ጎን ነበረው። የባንኩ ፕሬዝዳንት ወጥተው ለጋዜጠኞች ተናገሩ፣ ቁጥር ሰጡ፣ ብሔራዊ ባንክም መግለጫ አወጣ። ይኼ የሆነው ግን የጠፋው የባንኩ ገንዘብ ስለሆነ ነው። የጠፋው የእኛ ሰዓት ሲሆን መግለጫ የሚሰጥ የለም።

ሌላው ዓለም ሲወድቅስ?

ይወድቃል፣ ያውም በደንብ ነዋ! በፈረንጆቹ ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። ኩባንያው በማግስቱ ምክንያቱን ጻፈ፦ ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከሎቹን የሚያገናኘውን ዋና መስመር አውርዶት ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2022 ካናዳ ውስጥ የሮጀርስ ኔትወርክ ወደቀ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ተቋረጠበት፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሳይቀር የማይሠራበት ሰው ነበር። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያው በቀናት ውስጥ ዝርዝር ማብራሪያ እንዲሰጥ አዘዘ፣ ደንበኞችም ካሳ ታሰበላቸው።

ልዩነቱ እነሱ ስለማይወድቁ አይደለም። ሲወድቁ መቼ፣ ለምን፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ይጻፋል። ጠያቂም አለ።

እኛ ጋ መልስ አለመስጠት ሌላ ጣጣም ያመጣል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሕዝብ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ምን ተፈጠረ?» ብሎ መጠርጠሩ አይገርምም። መጋጠሚያ ሳጥን ውስጥ የገባ ውኃ የፖለቲካ ወሬ ይሆናል። ቶሎ የተነገረ እውነተኛ ምክንያት ከብዙ ወሬ ያድናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ፍትሐዊ እንሁን። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኬብል በሚሰረቅበት፣ መንገድ በየጊዜው በሚቆፈርበት ከተማ ኔትወርክ ማቆም ከባድ ሥራ ነው። መቶ ከመቶ ማንም አይጠይቅም። የሚጠየቀው ይኼ ነው፦

- እያንዳንዱ መስኮት ጋ ደብተር ይኑር። የተቋረጠበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ የተገኘው ምክንያት። ወር ሲሞላ ይለጠፍ። ዋጋው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።
- «ከዋናው ነው» ከመባሉ በፊት ከውስጥ ይጀመር። ኬብል፣ ስዊች፣ ሶኬት፣ ዩፒኤስ። እኔ ያየሁት መሥሪያ ቤት ወራት ሙሉ ቴሌን የወቀሰው በሶኬትና በፕሪንተር ምክንያት ነው።
- መጠባበቂያ መስመር እውነተኛ ይሁን። ሁለት ኬብል በአንድ ቦይ ከሄደ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ያነሳቸዋል። ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሁለት ኩባንያ መስመር መያዝ ይቻላል፣ ግን መሠረተ ልማት የሚጋሩበት ቦታ ስላለ መንገዱ የተለያየ መሆኑ ይረጋገጥ።
- ሲስተም ሲጠፋ ሥራ አይቁም። ቢያንስ ፎርሙ በወረቀት ተሞልቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶ፣ ሲመለስ ይግባ። ሰው ለነገ ከዜሮ አይሰለፍ።
- ተቆጣጣሪው ይጠይቅ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የተጠቃሚውን ጥቅም ጭምር እንዲጠብቅ ነው። በባንክ በኩል ብሔራዊ ባንክ አለ።

እስከዚያው እናንተ

አፕሊኬሽኑ እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ ቴሌግራም ይሠራ እንደሆነ እዩ። ቴሌግራም ከሠራና የባንኩ ካልሠራ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ባንኩ ጋ ነው፣ ስልካችሁን ማጥፋት ማብራት ምንም አይጠቅምም። ሁለቱም ካልሠሩ መስመራችሁን ጠርጥሩ፤ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ቀይሩ፣ ቦታ ለውጡ።

ብር ተቀንሶ ካልደረሰ ደግማችሁ አትላኩ! ሒሳባችሁን ቼክ አድርጉ፣ የግብይት ቁጥሩን ያዙ፣ ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ፣ ከዚያ ደውሉ። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት 994። «ትናንት ከሰዓት» ከማለት «9:42 ላይ» ማለት ጉዳያችሁን በግማሽ ያሳጥረዋል።

መስኮት ላይ ያለችውን ልጅም አትጩሁባት። እሷም ከዚያ ስክሪን ጀርባ ያለውን አታይም። ይልቅ በጨዋ ቃል ሦስት ጥያቄ ጠይቋት፦ «ስንት ሰዓት ላይ ጠፋ? ለማን ተነገረ? እስኪመለስ በወረቀት መሙላት ይቻላል?»

እኔ አባትየው ፊት ቆሜ ይኼን አልጠየቅኩም፣ ይቆጨኛል። እሳቸው ከሰዓት ተመልሰው መጡ። 8 ሰዓት ከ20 ላይ ሲስተም ነበረ፣ 8 ሰዓት ከ35 ላይ ጠፋ። ጽፌዋለሁ። ፊርማቸውን ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው።

እናንተስ? በዚህ ሳምንት «ሲስተም የለም» የተባላችሁበት ቀን፣ ሰዓትና ሰፈር ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ስም አንፈልግም፣ ሰዓቱ ይበቃናል። ማንም ካልመዘገበ እኛ እንመዝግብ።